ሂቶ ያማ፣ አንድ መደብ

ዛሬ ከስራ ስመለስ እዚህ ጃፓን፣ ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ የሚባለው ሰፈራችን ያለችው ያኦያ ጎራ አልኩ። ያኦያ የሚሏት ሱፐርማርኬት ሳትሆን አትክልቱን በር ላይ የምትደረድር ትንሽዬ ሱቅ ናት። የሄድኩት ለወጥ ሽንኩርት ፍለጋ ነበር፣ ታማኔጊ ይሉታል፣ ታማ ድቡልቡል ነገር ነው ኔጊ ደግሞ ያ ረጅሙ ባሮ የሚመስለው፣ ድቡልቡል ባሮ እንደማለት።

ታዲያ ቲማቲሙ አነስተኛ ሰፌድ በምታክል ቅርጫት ተከምሮ ካርቶን ላይ "ሂቶ ያማ 300 የን" ተፅፎበታል። ሂቶ አንድ፣ ያማ ደግሞ ተራራ ማለት ነው። አንድ ተራራ ቲማቲም! ቆሜ ቀረሁ፣ ይሄ እኮ መደብ ነው! እማዬ ጉልት ይዛኝ ስትሄድ "መደቡ ስንት ነው?" የምትለው ድምጿ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ይሄ የጃፓንኛ አቆጣጠር ስንት ጊዜ አማሮኛል መሰላችሁ። ካሮት ረጅም ስለሆነ በ"ሆን" ነው የሚቆጠረው፣ እሱም አንድ ሲሆን ኢፖን፣ ሁለት ኒሆን፣ ሶስት ሳንቦን እያለ ይቀያየራል፣ ጥቅል ጎመን ሂቶ ታማ፣ ስፒናች ሂቶ ታባ፣ ወይን ሂቶ ፉሳ። እኔ ሁሉንም ለብዙ ትናንሽ ነገር በሚሆነው በ"ኮ" እየቆጠርኩ ነው የኖርኩት፣ ይገባቸዋል፣ ግን ቁጥሩ ብቻ ለምን አይበቃም እያልኩ እበሳጭ ነበር።

ዛሬ መንገድ ላይ ሳስበው ግን እኛስ መቼ በቁጥር ብቻ እንገዛለን? ነጭ ሽንኩርት ሁለት ራስ፣ ሎሚ አምስት ፍሬ፣ ጎመን አንድ እስር፣ ወይን አንድ ዘለላ። ታባ እኮ ቁርጥ እስር ነው፣ ፉሳም ዘለላ! ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ስከተል ነው የገባኝ፣ የዚህ ሀገር ልጆችም እንደዛው ይሆናል የሚለምዱት። ደብተሬ ላይ በዝርዝር ስሸመድድ የነበረውን ቀድጄ ጎን ለጎን በአማርኛ ልፅፈው ነው፣ ታባ እስር፣ ፉሳ ዘለላ፣ ያማ መደብ፣ ለሆን ግን እስካሁን አቻ አላገኘሁለትም።

ሂሳብ ስከፍል ባለሱቁ አዛውንት አንድ ቲማቲም አንስተው ፌስታሌ ውስጥ ጨመሩና "ኦማኬ" አሉኝ ፈገግ ብለው። ይሄኛውን እንኳን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ፣ ምራቂ ነው።