እግሯ ምን ዓይነት ነበር?

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሹፌርም አስጎብኚም ነኝ። እንግዳ ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር አደርሳለሁ፣ ጀጎልን አዞራለሁ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አሳያለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ። ወፍ ማየት የለመድኩት ከእንግዶች ነው። አንድ አዛውንት አገራቸው ሲመለሱ ያረጀ ባይኖኩላራቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሐረማያ ስደርስ ሳልቆም ማለፍ አልችልም።

የሐረማያን ነገር የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። ከብት ሲግጥበት በዓይናችን አይተናል። በቅርብ ዓመታት ውሃው ሲመለስ ወፉም ተመለሰ። ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ላይ፣ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ድረስ የሚመጡ ባለረጃጅም እግር የውሃ ዳር ወፎች ጭቃው ላይ እየተራወጡ ሲለቅሙ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት 28 ቀን 2016 ነው። እንግዶቼ ሐረር አድረው ነበር፤ ልወስዳቸው ባዶ መኪና ይዤ ከድሬ በጠዋት ወጣሁ። ሐረማያ ስደርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ይላል። ቀጠሮዬ 4 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ጊዜ አለኝ። ከዋናው መንገድ ወረድ ብዬ ከውሃው ራቅ ያለው ሜዳ ጋ ቆምኩ። ሣሩ በከብት ተግጦ ተግጦ ምንጣፍ መስሏል። እዚያ ላሞቹ መሀል አንዲት ወፍ አየሁ። ትንሽ ሮጥ ትላለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ ደግሞ ሮጥ። ከርግብ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ መልኳ አመድማ ቡናማ ነው፣ አናቷ ጠቆር ያለ። ከዓይኗ በላይ ሰፋ ያለ ነጭ መስመር አለ፣ ስትዞርም ሁለቱ መስመሮች ማጅራቷ ላይ ሲገናኙ አየሁ። ይቺን ወፍ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣ። በኦሮምኛ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ። ባይኖኩላሩን ሰጠሁት፣ አየና ሳቀ። «እነዚህማ ትናንትም ነበሩ፣ ሁለት ናቸው» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ፎቶው ላይ ነበር። ስልኬን ባይኖኩላሩ ላይ ደግፌ አራት አምስት ጊዜ አነሳሁ። ወፏ ተነስታ ከላሞቹ ወዲያ ሄደች።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እስክሪብቶም ነበረኝ። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የወፎች መጽሐፍ ከፈትኩ። ገጽ ሳገላብጥ አገኘኋት። ሶሻብል ላፕዊንግ! እጄ ተንቀጠቀጠ።

ለምን እንደተንቀጠቀጠ ልንገራችሁ። ይቺ ወፍ የምትፈለፈለው በካዛክስታንና በደቡብ ሩሲያ የሣር ሜዳዎች ነው። ከዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ውስጥ ናት። ብርድ ሲመጣ ከፊሎቹ ወደ ሕንድ በኩል ይወርዳሉ፣ ከፊሎቹ በቱርክ፣ በሶሪያና በሳዑዲ አድርገው ሱዳን ድረስ ይመጣሉ፤ መንገድ ላይ አዳኝ ይጠብቃቸዋል። እኛ ጋ ብርቅ ናት። ከብት የጋጠው አጭር ሣር ትወዳለች፣ እኔም ያየኋት እንደዚያ ባለ ቦታ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ካዛክስታን ውስጥ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላት አንዲት ወፍ ስትሄድ ስትሄድ ቱርክ፣ ሶሪያ ድንበር አካባቢ አረፈች። ተመራማሪዎች ተከትለው ቢሄዱ በአንድ ቦታ ወደ 3,200 የሚሆኑ አገኙ። ያን ያህል መኖራቸውን ያሰበ አልነበረም። አንድ ወፍ የትና መቼ እንደዋለች ማወቅ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል።

ከመጽሐፉ ቀና ብዬ ወዲያው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። ግሩፑ ውስጥ አስጎብኚዎችም አሉ፣ የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾችም አሉ። የጻፍኩት ይኼንን ብቻ ነው፦ «ሶሻብል ላፕዊንግ፣ ሐረማያ፣ 28/2/16፣ 3:10»። ከዚያ ወደ ሐረር ነዳሁ።

በማግስቱ አንድ የሐረር አስጎብኚ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል። እንግዶቹ መልእክቴን አይተው «ሦስት ሰዓት ላይ አድርሰን» ይሉታል። በእነሱ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐዩ ሜዳውን ሲያንቀጠቅጠው፣ ከብቱም ወደ ሌላ ግጦሽ ተነድቶ። የቆሙትም መንገድ ዳር ጀልባዎቹ ያሉበት ጋ ነው፣ ምክንያቱም እኔ «ሐረማያ» ብዬ ነው የተውኩት። ሁለት ሰዓት ቆመው ምንም ሳያዩ ተመለሱ። «አቦ፣ ምናለ ሙሉውን ብትጽፈው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የባሰው ሌላ ነው። ከግሩፑ አንዱ በቅንነት ኢበርድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የወፎች መዝገብ ላይ በእኔ ስም አስገባልኝ። 28/2/16 ብዬ የለ? እሱ ያነበበው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2016 ብሎ ነው። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት መሆኑን በምን ያውቃል? ወፏ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዳ ተመዘገበች። ብርቅ ወፍ ሲመዘገብ የሚያጣሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በትሕትና ጻፈልኝ። ለምን ይህን ያህል ጊዜ ቆየህ? ስንት ነበሩ? ክራውንድ ላፕዊንግ አለመሆኗን በምን ለየህ? የእግሯ ቀለም ምን ነበር? እዚያው ሆነህ የጻፍከው ማስታወሻ አለህ?

ቀኑን ማስተካከል ቀላል ነበር። የፎቶው ፋይል ስልኬ ላይ አለ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2023 ይላል።

እግሯ ግን… ክራውንድ ላፕዊንግ በእኛ አካባቢ ያለች ወፍ ናት፣ እሷም አናቷ ጥቁር ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት አለው። እግሯ ቀይ ነው። የሶሻብል ላፕዊንግ እግር ጥቁር ነው። «ጥቁር» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ዓይኔን ስጨፍን ከሰል የመሰለ ጥቁር እግር ይታየኛል፣ ሣሩ ላይ ሲራመድ ሁሉ። ግን ቆም ብዬ ሳስበው ያ እግር መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ነው። አቋቋሙ፣ አጣጣፉ፣ ሁሉም የሥዕሉ ነው። ሜዳው ላይ ያየሁት የትኛው ነው፣ መኪና ውስጥ ያነበብኩት የትኛው ነው? መለየት አቃተኝ። ማጅራቷ ላይ የተገናኘውን ነጭ መስመር እንኳ መጠራጠር ጀመርኩ። ፎቶውን አሥር ጊዜ አሰፋሁት። አመድማ ነገር፣ ነጭ ጭረት፣ ከሆዷ በታች ሣር። በቃ።

«እግሯን ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም፣ የጻፍኩትም የለም» ብዬ መለስኩ። ያን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከበደኝ። ምዝገባው ሳይረጋገጥ ቀረ፤ ትክክል ነው።

ይህን ለአንድ አንጋፋ አስጎብኚ አጫወትኩት፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አልወቀሰኝም። ከቦርሳው ላቡ የነካው ደብተር አውጥቶ አንድ ገጽ ገለጠልኝ። በእርሳስ የተሣለች ወፍ፣ ልጅ የሣላት የምትመስል፣ ከእያንዳንዱ አካሏ ቀስት ወጥቷል። አናት፦ ጥቁር። ክንፍ ስትበር፦ ከኋላ ነጭ። ምንቃር፦ አጭር። እግር ላይ ያለው ቀስት ጋ «ሣር ሸፍኖታል፣ አላየሁም» ይላል። ከላይ ቀኑ በእኛም በእነሱም፣ ሰዓቱም እንደዚሁ፣ «ጠዋት» የሚለው በፊደል። ስሟ የለም።

«ስሟስ ጋሼ?» አልኩት።

«ስሟን ማታ ነው የምፈልገው፣ ቤት ገብቼ» አለኝ። «መጽሐፉን ቀድመህ ከከፈትክ ዓይንህ የራሱን ይረሳል።»

ያላየውን «አላየሁም» ብሎ መጻፉ ነው የገረመኝ። እኔ ባዶ እተወው ነበር፣ ባዶውን ደግሞ በኋላ እሞላው ነበር።

ኅዳር ላይ ሦስት ጊዜ ወደዚያ ሜዳ ተመለስኩ፣ በጠዋት። የተለመዱት ላፕዊንጎች አሉ፣ እሷ የለችም። በሦስተኛው ቀን ልጁን አገኘሁት። ያን ቀን «ሁለት ናቸው» ያለኝን አስታወስኩት፣ አዎ አለ፣ ከዚያ በኋላ ግን አላያቸውም። ስለ እግራቸው ልጠይቀው ስል «ጥቁር ነው ቀይ?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ፣ መለስኩት። ልጁ አፍ ላይ ቀለም ማስቀመጥ አልፈለግኩም።

«እግራቸው ምን ዓይነት ነበር?» አልኩት።

አሰበ። በእጁ ከጉልበቱ በታች ለካልኝ።

«ረጅም» አለኝ።

ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ጻፍኩት፦ «እረኛው እንዳለው፣ ሁለት፣ እግራቸው ረጅም፣ ቀለሙን አልተናገረም።»