ከመኪና ግርግር ብጣሽ እስከ ወረዳ ስብሰባ፦ የጨርቅ ከረጢት ሥራችን እንዴት በእግሩ ቆመ

ሐረር መጥቶ መኪና ግርግርን ያላየ የለም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ ስትወርዱ ልብስ ሰፊዎቹ ከነመኪናቸው በር ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ። ማታ ሲዘጉ ከየመኪናው ሥር ተጠርጎ የሚወጣው ብጣሽ ብዙ ነው። ጥጥ አለ፣ ፖሊስተር አለ፣ አንዳንዴ ክንድ ሙሉ የሚሆን ቁራጭም አለ። እኛ ከረጢት የምንሰፋው ከዚያ ብጣሽ ነው። ሥራው እንዴት እንደተጀመረ የሚጠይቁኝ ሴቶች ስለበዙ፣ በተለይ ከድሬዳዋ፣ እስቲ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መነሻችን ፌስታል ነው። ጅብ ማታ ማታ በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ገብቶ አጥንቱንና ትራፊውን ያጸዳልናል። ፌስታሉ ግን እዚያው ይቀራል። ቱቦ ይዘጋል፣ ፍየል ይበላዋል፣ ነፋስ እየነዳ ግንቡ ሥር ያከማቸዋል። ሕግ ጠፍቶም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ገበያ ላይ ግን ያው ስስ ፌስታል እንደ ልብ ይሸጥ ነበር። አዋጅ ወጣ ማለት ሰው አትክልቱን የሚይዝበት ነገር አገኘ ማለት አይደለም። የሚይዝበትን ነገር አንድ ሰው መሥራት አለበት።

ገንዘቡ ከእቁብ መጣ። የሰፈር እቁብ ወጣልኝና አሮጌ ሲንጀር የስፌት መኪና ገዛሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ የራሳቸው መኪና ነበራቸው። ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት፤ አንዷ እንጨት ተሸክማ ትሸጥ የነበረች፣ አንዷ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ፣ አንዷ ደግሞ እግሯ ስለማይታዘዛት ቤት የዋለች ጎበዝ የእጅ ሰፊ። ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር የተስማማነው ቀላል ነገር ነው፦ ማታ ማታ በራቸውን እንጠርጋለን፣ ብጣሹን እንወስዳለን።

ከባዱ ደንበኛ ጫት ሻጭ ነው። ሐረር ውስጥ ከጫት ጋር ሳይነጋገሩ ስለ ፌስታል ማውራት አይቻልም፤ ስለ ጫቱ ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን። ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውም። ፌስታል እርጥበቱን ይይዝለታል፣ ጨርቅ ደግሞ ያደርቀዋል። ሻጮቹ ጋ ቁጭ ብለን ተነጋገርንና መላውን ራሳቸው ነገሩን፦ እስሩን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ማስገባት። ሁሉም አልተቀበሉትም። የተቀበሉት ግን ደንበኛ ከረጢቱን ሲመልስ ቅናሽ ያደርጉለታል። ዳቦ ቤቶችና ቡና ቆይዎች ከዚህ ይቀላሉ፤ እነሱ ልኩን ብቻ ነው የሚጠይቁት።

አሁን ስለ ገንዘቡ በደንብ ላውራ፤ ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የምንከፍለው በተሰፋ ከረጢት ልክ ነበር። ስለዚህ መኪና ያላት ብዙ አገኘች። ብጣሹን የምትለቅመዋ፣ የምታጥበዋ፣ የምትቆርጠዋ ግን የላብ ዋጋዋን አላገኘችም። እሷ ካላጠበች መኪናው ምን ይሰፋል? ጉዳዩን አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅንበት። የባለመኪኖቹም ክርክር እውነት ነበረው፤ መኪና ዘይት ይጠጣል፣ መርፌ ይሰብራል፣ ከነአካቴውም ያረጃል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ነገር ለየናቸው። መኪናዋን ለምታውል በአንድ ከረጢት ይህን ያህል ብሎ ኪራይ ይያዝላታል። ጉልበቱ ግን ማጠብም ይሁን መስፋት በሰዓት ይሰላል፣ ሰዓቱም እኩል ዋጋ አለው። የተረፈው የጋራ ሣጥን ይገባል። ውሳኔ ሲሆን ባለሦስት መኪናም ሆነች ባለመቀስ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላት። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ። አንዷ ባለመኪና አልተስማማችም፣ ወጣች። ከፋን፣ ግን ደንቡን አልቀየርንም።

ደብተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። ማንበብ የማትችል አባል ሒሳቧን በጆሮዋ ትሰማለች። ለማኅበር አስባችሁ ከሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አድርጉ እላለሁ።

ወደ ወረዳ ስብሰባ የገባነው የመሥሪያ ቦታ ፍለጋ ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን አዳራሹ ውስጥ ሴት የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ውሃ ነው። የሐረር ሰው ያውቀዋል። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ዘመን ጀምሮ ውሃ ጭንቀታችን ነው፤ ከድሬዳዋ በኩል በሩቅ መስመር ከመጣልን በኋላም በፈረቃ ነው የምናገኘው። ፈረቃው የደረሰ ቀን ጀሪካን ጥሎ ስብሰባ የሚሄድ ማን አለ? ስብሰባው ደግሞ እዚያው ቀን ተጠርቷል። አንዲት እናት ተነስተው “ልጄ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዛሬ ቧንቧ ሥር ናት፤ ከማን ጋር ነው የምትወያዩት?” አሉት ሰብሳቢውን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይላል። እኛ የጠየቅነው አጭር ነገር ነበር፦ ቀን ሲቆረጥ የውሃ ፈረቃው ይታይ፣ ዓርብ ከሶላትና እሑድ ከቅዳሴ ጋር አይጋጭ። ተቀበሉን። በሚቀጥለው ስብሰባ ሴቶቹ ሞልተው መጡ፤ ስለ ቱቦውም፣ ስለ መብራቱም፣ ስለ ሕፃናት መዋያውም ተናገሩ።

የመሥሪያ ቦታው ግን ቶሎ አልመጣም። የሚመለከተው ቢሮ በቃል “ተመለሱ” ሲለን ከረመ። ከእኛ በኋላ ያመለከቱ ሼድ ተረከቡ። ልቤ ተቃጠለ። ያዳነን ወረቀት ነው። ማመልከቻ በቃል አይቀርብም፤ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ያዙ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመቱ። ቅሬታችንን ስናቀርብ ከእነዚያ ሰዎች በፊት ማመልከታችን በቁጥሩ ታየ። ያገኘነው ክፍል ጠባብ ነው፤ ደረጃ የሌለው መሆኑ ግን ለእግረ ሕመምተኛዋ እህታችን ትልቅ ነገር ሆነ። ዛሬ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ትሰፋለች።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለውን አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ደስ አለን፣ ሥራም በዛ። ግን ከእኛ በርካሽ የሚሸጥ የተዘጋጀ ከረጢት የሚያመጡ ነጋዴዎችም በዙ። በዋጋ አንወዳደራቸውም። የእኛው ሲቀደድ በነጻ እንጠግናለን፣ ለሱቆች በዱቤ እናስቀምጣለን፣ ዳቦ ቤቶቹ በፈለጉት ልክ እንሰፋለን። እስካሁን ሣጥኑ አልጎደለም።

ለዘንድሮው የወረዳ በጀት ውይይት የምናቀርበው ጥያቄ ስለ ራሳችን አይደለም። ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚያነሱት ሴቶች ያለ ጓንትና ያለ ቦቲ ጫማ ነው የሚሠሩት። ፌስታሉን እስካሁን በእጃቸው ሲለቅሙልን የኖሩት እነሱ ናቸው። ጓንቱና ጫማው በበጀት ይያዝ የሚለው ጽሑፍ አልቋል፣ አሁን ፊርማ እያሰባሰብን ነው።