የድሮ ሞዴል ግላይደሮችን ለመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት፦ ትልቁ ጣጣ ከኮርኒስ መስቀሉ ነው

ለበረራ ታሪክ መታሰቢያ የሚቀርቡት የግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ሞዴሎቻችን ከኮርኒስ ተሰቅለው አለቁ። ሁሉም ውሃ ልካቸውን ጠብቀዋል፤ አፍንጫቸውም ወደታሰበው አቅጣጫ እንዳየ ነው። በስስ ወረቀት የተሸፈነ ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ክንፍ ሰቅሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። ስለዚህ ሌላውን በቶሎ አልፌ ስለ መስቀሉ በሰፊው እጽፋለሁ።

ምርጫውን የዘመን ቅደም ተከተል ይምራው፤ ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ከ1891 ጀምሮ የበረረው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል፣ በ1920 ጀርመን ውስጥ ዋሰርኩፔ ተራራ ላይ የተጀመረው የሮን የግላይደር ውድድር፣ በ1922 ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ የቆየው ቫምፒር የተባለ ግላይደር፣ የ1930ዎቹ ግላይደሮች ግሩናው ቤቢና ሚኒሞአ፣ በመጨረሻም በ1957 ከፋይበርግላስ ተሠርቶ የበረረው ፊኒክስ። እነዚህ ካሉ ተመልካቹ ያለ ረጅም ጽሑፍ ታሪኩን ይከተላል።

መጠናቸው ግን አንድ ይሁን። በ1ለ4 (ከእውነተኛው አንድ አራተኛ) ከሠራችሁ የሊሊየንታል 6.7 ሜትር ክንፍ 1.68 ሜትር፣ የቫምፒር 12.6 ሜትር 3.15፣ የሚኒሞአ 17 ሜትር 4.25 ይሆናል። ዕድገቱ በዓይን የሚታየው ያን ጊዜ ነው። 1ለ4ን ከ1ለ6 ጋር ቀላቅሎ በመግለጫ ካርድ ላይ በትንሽ ፊደል ማሳወቅ ተመልካችን ማሳሳት ነው ባይ ነኝ፤ ካርዱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። እውነተኛ የድሮ የውድድር ሞዴሎች፣ ለምሳሌ በ50 ሜትር ገመድ ተጎትተው የሚለቀቁት፣ ኤ2 የሚባለው የውድድር ምድብ ሞዴሎች፣ የማንም ቅጂ ስላልሆኑ ለብቻቸው ይቀመጡ።

ጥገና ላይ ምክሬ አጭር ነው፦ አትንኩት። የተቀደደ ወረቀት ከኋላው በስስ ወረቀት ይደገፍ፤ ክንፉን እንዳለ ገፍፎ አዲስ ማልበስ ታሪኩን መላጨት ነው። የተጣመመ ክንፍ ስታዩ እንፋሎት ለማጠጣት አትቸኩሉ። ጫፉ አካባቢ የኋላ ጠርዙ 2 ወይም 3 ዲግሪ ቀና ብሎ ከሆነ ሠሪው ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ ክንፉ ከጫፉ ጀምሮ ማንሳት እንዳያቆም ይጠብቀዋል። ኤ2ዎች ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል አለመሆኑ ሞዴሉ እንዲዞር ታስቦ ሊሆን ይችላል። ፕላኑ እጃችሁ ላይ ሳይኖር ማቃናት የለም። አፍንጫው ውስጥ ያለው የእርሳስ ብረት ክብደት ነጭ ዱቄት ካወጣ መርዛማ ነውና ያለ ጓንት እንዳትነኩት፤ በትንፋሽም እንዳታበኑት።

ወደ መስቀሉ ልምጣ።

መጀመሪያ የክብደት ማዕከሉን ፈልጉ፤ ግን ሞዴሉ ለእይታ በሚቀርብበት ሁኔታ። በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል ባትሪው ከወጣ ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በበረራ ፕላኑ ላይ ያለው ምልክት አይሠራም። ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብላችሁ በጣት ደግፉና ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያላችሁ አግኙት። ቦታውን በመጻፊያ እርሳስ ሳይሆን በቀላሉ በሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር አመልክቱ።

ሞዴሉን በክንፉ አትስቀሉ። በላስቲክ የታሰረ ክንፍ በበረራም ጊዜ ገላውን ይሸከም የለም ወይ የሚል አለ። ልክ ነው፤ ነገር ግን በረራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ዐውደ ርእይ ሳምንታት ይወስዳል። ተወጥሮ የሚቆይ ላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ከመበጠሱ በፊትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ ሲበላ ይከርማል። ክብደቱን ገላው ይሸከመው፦ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ውስጣቸው ፌልት (ለስላሳ ወፍራም ጨርቅ) የተሰፋባቸው ሁለት የጥጥ ጥብጣቦች፣ አንዱ ከክንፉ ፊት፣ አንዱ ከክንፉ ኋላ። ጥብጣቡ የሚያርፈው የውስጥ ክፈፍ ያለበት ቦታ ላይ ነው። በሁለት ክፈፎች መካከል ካረፈ ስሱ የባልሳ (ቀላል እንጨት) ልባስ ይሰረጉዳል። ከገላው በላይ ደግሞ ከስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ዘንግ አስገቡ፤ አለዚያ ጥብጣቡ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ጎንና ጎኑን ይጨምቃል።

ክብደቱ ለሁለቱ ጥብጣቦች እኩል አይካፈልም። የፊተኛው ከማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የኋለኛው 20 ቢርቅ የፊተኛው ሁለት ሦስተኛውን ይሸከማል። ስለዚህ ጠንካራው ክፈፍ ፊት ለፊት መሆኑን አረጋግጡ።

ገመዱን በተመለከተ አቋሜ አይለወጥም፦ የዓሣ ማስገሪያ ናይለን አይሆንም። አይታይም መባሉ እውነት ነው፤ ግን በጭነት ስር ቀስ በቀስ ይረዝማል፣ ቋጠሮው ጋ ይዳከማል፣ ብርሃንም ይጎዳዋል። ዛሬ ያስተካከላችሁት ሞዴል ሰንብቶ ጅራቱን ጥሎ ታገኙታላችሁ። 1 ሚሊ ሜትር የማይዝግ የሽቦ ገመድ ይበቃል፤ በጥቁር ወይም በግራጫ ግድግዳ ፊት ከጥቂት ሜትር አይታይም። አንዱ ገመድ ብቻውን የሞዴሉን ክብደት 10 እጥፍ መቻል አለበት። ጫፉ በሁለት የሚጨመቁ ቀለበቶች ይታሰር፣ መጨመቂያው ለዚሁ የተሠራ እንጂ ተራ ፒንሳ አይሁን። ከቀለበቱ የሚተርፈውን ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉት፤ ገመዱ መንሸራተት ከጀመረ ያ ጫፍ ሲያጥር ታዩታላችሁ።

አንግል ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። አንድን ሞዴል የያዙ ሁለት ገመዶች ቀጥ ብለው ከወጡ እያንዳንዳቸው ግማሽ ክብደት ይይዛሉ። ከአግድሙ 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብለው ወደ ጎን ከተዘረጉ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ክብደት ይጎትታል፤ ጉተታውም ወደ ጎን ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው መንጠቆ ስላልተመቸ ብቻ ገመዱን አስፍቶ ማሰር የሚያስከፍለው ይህን ነው።

ከሁሉም ያስቸገረው መዞሩ ነው። በር ሲከፈት ወይም የአየር ማቀዝቀዣ ሲነፍስ አፍንጫው ይዞራል። መፍትሔው የፊትና የኋላ ገመዶች በአንድ መንጠቆ እንዳይገናኙ፣ ይልቁንም ትይዩ ሆነው ለየብቻ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ሁለት ትይዩ ገመዶች መዞርን የሚቋቋሙት በርቀታቸው ካሬ ልክ ነው፦ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉ አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ኮርኒስ ባለበት አዳራሽ ጥብጣቦቹን በተቻለ መጠን አራርቁ፣ ያም ካልበቃ ከጅራቱ ስር ወደ ግድግዳ አንድ ቀጭን መያዣ ጨምሩ።

ክንፉ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል ከግራውም ከቀኙም ክንፍ አጋማሽ ላይ አንዳንድ 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ውሰዱ። ክብደት አይሸከሙም፣ ሚዛን ብቻ ይጠብቃሉ። ሽቦው ወረቀቱን እንዳይቆርጥ የጎድን እንጨት ባለበት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ክንፉን ይክበበው።

መንጠቆው የጂፕሰም ኮርኒስ ላይ አይመታም፤ ከላዩ ያለውን ቢም ወይም ኮንክሪት ፈልጉ። የፕላስቲክ ፊሸር ቀጥታ ወደ ታች ለሚጎተት ጭነት አይታመንም፣ ሲጠበቅ የሚሰፋውን የብረት ዓይነት ተጠቀሙ። የገመዱን ርዝመት የሚያስተካክለው ማጥበቂያ ቪት በንዝረት እንዳይፈታ በሽቦ ይቆለፍ። ከሰቀላችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩትና ከዚያ ብቻ የመጨረሻውን ማስተካከያ አድርጉ፤ ጥብጣቡ ይረጋጋል፣ ቁመቱም ትንሽ ይወርዳል።

ስለ መብራት፦ የድሮው ዶፕ (ወረቀቱን የሚወጥረው ቅብ) አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ የሚያግል ሃሎጅን አምፖል አጠገቡ አይድረስ። ኤልኢዲ፣ ወረቀቱ ላይ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ያልበለጠ። እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ያዙት፤ ሲያልፍ ወረቀቱ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠርና ቀጭኑን የኋላ ጠርዝ ያጎብጣል።

ስታወርዱ ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ፦ መጀመሪያ የጅራት መያዣው፣ ቀጥሎ የክንፍ ሽቦዎቹ፣ መጨረሻ ሁለት ሰው ገላውን ይዞ ዋናዎቹ ገመዶች።