ጎንደር ላይ የሸማች አቤቱታ በየትኛው በር ይገባል?

ጎንደር ውስጥ በግብይት የተበደለ ሰው ብዙ ጊዜ መብቱን ከማጣቱ በፊት በሩን ያጣል። ሚዛን ያጎደለበትን ነጋዴ ለቀበሌ ይናገራል፤ ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማ ይልከዋል፤ ክፍለ ከተማው ማስረጃ አምጣ ይለዋል። እስከዚያ ደረሰኙ ጠፍቷል፣ ቀኑም አልፏል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚመለከተው፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባና አቤቱታዎች የሚከሽፉት የት ላይ እንደሆነ አንድ በአንድ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 የደንበኞች አገልግሎት ሚኒስትር ሾሟል። መንጃ ፈቃድና መሰል ጉዳዮችን በአንድ መስኮት የሚጨርሰው ሰርቪስ ኒው ሳውዝ ዌልስም፣ የሸማቹን አቤቱታ የሚቀበለው ፌር ትሬዲንግም በአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሥር ሆኑ። የእኛ አደረጃጀት እንደዚያ አይደለም። በክልል ደረጃ ሚኒስትር የለንም፤ ያለው የቢሮ ኃላፊ ነው። የገበያው ጉዳይና የመንግሥት ቢሮ አገልግሎት ጉዳይም በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ። ከሱቅ የገዛ ሰው ሸማች ነው፤ ቢሮ ሄዶ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ተገልጋይ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ማመልከቻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይከርማል።

በሸማቹ እንጀምር። የፌዴራሉ አካል የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በክልሉ የንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ባሕር ዳር አለ፤ በጎንደር ከተማ የንግድና ገበያ ልማት መምሪያ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት አለ። አራዳ ላይ የተገዛ ዕቃ አቤቱታው የሚጀምረው ሱቁ ባለበት ክፍለ ከተማ ነው፤ ገዢው የሚኖርበት ማራኪ ወይም አዘዞ ቢሆንም ለውጥ የለውም። የነጋዴው ፈቃድ ፋይል ያለው እዚያው ነውና። በቀጥታ አዲስ አበባ ለሚኒስትሩ የተጻፈ ደብዳቤ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይመራል፤ ሳምንታት የሚበላውም ይኼ ነው።

ሕጉ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለመልሶ መሸጥ ከጅምላ ነጋዴ የገዛ ባለ ሱቅ በዚህ አዋጅ ሸማች አይባልም፤ ጉዳዩን በውልና በንግድ ሕግ ነው የሚያየው። ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ይህን ሳያውቁ በሸማችነት አመልክተው ይመለሳሉ።

ከአዋጁ ውስጥ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት የ15 ቀን መብት ነው። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲያገኝ መጠየቅ ይችላል። ለአገልግሎትም ተመሳሳይ ነው፤ ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት ይጠይቃል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይህን መብት አያስቀርም። ያ ማስታወቂያ ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ሊሠራ ይችላል፤ ቀለሙ አልተስማማኝም ወይም ሌላ ቦታ ረክሶ አገኘሁት ለሚል። የማይሠራ የውኃ ማሞቂያ ወይም በሁለተኛው ቀን የተሰነጠቀ ጫማ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ዕለት ነው። ለጥምቀት ጥር መጀመሪያ ላይ የተገዛ ዕቃ በዓሉ እስኪያልፍ ካርቶኑ ሳይከፈት ከቆየ ግማሹ ጊዜ አልቋል። ገዝተው ቤት በገቡበት ዕለት ከፍተው ይሞክሩት።

ደረሰኝ የጉዳዩ ሁሉ መሠረት ነው። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ላይ የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የደረሰኙ ተራ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የማሽኑም ቁጥር መኖር አለበት። ፕሮፎርማ ደረሰኝ አይደለም፤ ዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው። በወረቀት ቁራጭ ላይ በእጅ ተጽፎ ማኅተም ያልተመታበትም እንደዚሁ። ሌላው ችግር የዕቃው ስም ነው፤ «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ደረሰኝ ሻጩ «ይኼን እኔ አልሸጥኩም» ሲል አፍ አያስይዝም። የዕቃው ስምና ሞዴል እንዲጻፍ ይጠይቁ። ለሞባይል ደግሞ *#06# ሲደወል የሚመጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ወይም ጀርባው ላይ አስጽፈው ያስፈርሙ። የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ወይም መስኮት ዳር ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። በዚያው ዕለት ፎቶ ያንሱት፣ ኮፒም ያድርጉት። በባንክ ወይም በቴሌብር ከፍለው ከሆነ የዝውውሩ መልእክት ለመክፈልዎ ተጨማሪ ማስረጃ ነው፤ የምን ዕቃ እንደተገዛ ግን አይናገርም።

ስለ ዋጋ የሚመጣው አቤቱታ በአብዛኛው የሚወድቀው በአጻጻፉ ነው። «ዋጋ ጨመረብኝ» ብቻውን ጥፋት አያሳይም፤ መንግሥት ዋጋ ከተመነላቸው ዕቃዎች ውጭ ነጋዴው በነጻ ገበያ ይሸጣል። ጥፋቱ ያለው ዋጋ አለመለጠፍ፣ ከተለጠፈው በላይ መጠየቅ ወይም እያለ የለም ማለት ላይ ነው። ጥር ላይ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የአልጋ ዋጋ የሚንር ከሆነ መመዝገብ ያለበት የተለጠፈው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ ልዩነት ነው። የተለጠፈውን በፎቶ ያንሱት፤ ካልተለጠፈም አለመለጠፉን ይጻፉ። ዋጋ ጠይቆ፣ ዕቃ አገላብጦ ወይም ተከራክሮ ሳይገዛ የወጣ ሰው እንዲገዛ ሊገደድም ሊሰደብም አይችልም። ይህም በአዋጁ በግልጽ ተጽፏል፤ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሕግ እንጂ የነጋዴው ቸርነት አይደለም።

ሚዛን ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በቅዳሜ ገበያም ሆነ በየሰፈሩ ሥጋ ቤት ድሃው በየቀኑ የሚጎዳው በዚህ ነውና። ዲጂታል ሚዛን ባዶውን ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ሳህኑ ወይም ፌስታሉ ከተቀመጠበት በኋላ እንደገና ዜሮ መደረግ አለበት። ባለ ሰዓቱን ሚዛን ፊት ለፊት ቆሞ ማንበብ ይገባል፤ ከጎን ሲያዩት ቀስቱ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ይታያል። አስተማማኙ መፈተኛ ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውኃ ነው። ውኃው 1 ኪሎ ስለሚመዝን ከነፕላስቲኩ ከ1 ኪሎ በጥቂት አሥር ግራሞች ብቻ መብለጥ አለበት። 1 ኪሎ ከ150 ካሳየ ሚዛኑ በየኪሎው ከ100 ግራም በላይ እየበላ ነው። ተጨቃጭቀው አይውጡ፤ ሰዓቱን፣ የሱቁን ስምና ያነበቡትን ቁጥር ይዘው ለክፍለ ከተማው የኢንስፔክሽን ባለሙያ በዚያው ዕለት ያሳውቁ። ከሳምንት በኋላ የተነገረ የሚዛን አቤቱታ ባለሙያው ሲደርስ ሚዛኑ ተስተካክሎ ያገኘዋል። እህል በጣሳ ሲሰፈር ደግሞ የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ መሆኑን መዳሰስ ነው፤ ከተቻለ በኪሎ ይግዙ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ለማን እንደሚጻፍ፣ የእርስዎ ስምና ስልክ፣ የሱቁ ስምና የሚገኝበት ቦታ፣ የተገዛበት ቀን፣ ዕቃው፣ የተከፈለው ብር፣ ጉድለቱ፣ ለሻጩ መቼ እንደነገሩትና ምን እንደመለሰ፤ በመጨረሻም የሚፈልጉት ይለወጥልኝ ነው ወይስ ገንዘቤ ይመለስ? ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ ባለሙያው ምን እንደሚያስፈጽም አያውቅም። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይውሰዱ። ለባለሙያው በእጅ የተሰጠና መዝገብ ያልገባ ማመልከቻ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይጠፋል። የደረሰኙን ዋና ቅጂ ለማንም አይስጡ፤ አሳይተው ኮፒውን ያያይዙ።

ከንግድ ጽሕፈት ቤት ምን መጠበቅ እንዳለብንም እንወቅ። ነጋዴውን ይጠራል፣ ያግባባል፣ ጥፋት ካገኘ ያስጠነቅቃል፣ እስከ ማሸግ የሚደርስ አስተዳደራዊ እርምጃ ይወስዳል። የደረሰ ጉዳትን አስልቶ ካሳ የሚወስነው ግን የዳኝነት ሥልጣን ያለው አካል ነው። ሱቁ ሲታሸግ ጉዳዬ አለቀ ብሎ ገንዘቡን ሳይጠይቅ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

የሶፋና የልብስ ስፌት ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ እዚያ የሚከፈለው ቀብድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። የሚሠራው ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል ከተጻፈ ነው። «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ክርክር ይነሳበታል። የማስረከቢያ ቀንም ይጻፍ።

ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት የማይሄዱ ጉዳዮች አሉ። የተበላሸ ምግብ ወይም የሚያጠራጥር መድኃኒት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ይነገራል። መብራት 905፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ ቴሌኮሙ ካልፈታው ቀጣዩ በር የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባንክ መጀመሪያ ለራሱ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለብሔራዊ ባንክ። ለሁሉም የአቤቱታ ቁጥር ተቀብለው ይመዝግቡ።

ተገልጋዩ ዘንድ ስንመጣ መነሻው የዜጎች ቻርተር ነው። አገልግሎቱ የሚፈጀውን ጊዜ፣ የሚጠየቀውን ማስረጃና ክፍያ ይዘረዝራል። ቢሮው ግድግዳ ላይ ከሌለ ይጠይቁ። አቤቱታዎን «አጉላሉኝ» ብለው ሳይሆን «በቻርተሩ ይህን ያህል ቀን የተባለው አልፎ ይህን ያህል ሆነ» ብለው ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ፣ ቅሬታ ሰሚ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ነው። አንዳንድ ሰው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን ጠቅሶ የከተማ ቢሮን ይሞግታል፤ ያ አዋጅ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ እንደ ጎንደር ያለ የክልል ከተማ ቢሮን አይመለከትም።

ይህ ሁሉ ተሂዶ ያልተፈታ በደል ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ተቋሙ የሚጠይቀው መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አቤት ብለው ያገኙትን መልስ ስለሆነ ያ ገቢ ቁጥር የተመታበት ቅጂ እዚህም ያስፈልጋል። ክፍያ የለውም። መጻፍ ለማይችሉ እናትና አባትም በቃል አቤት ማለት ይቻላል፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ ብር ማውጣት አያስፈልጋቸውም።