እናትህስ ምን ትላለች?

ካንቴል፣ ጓቲማላ
ሰኞ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልብሴን አጥቤ አስጥቼ ገና መቀመጤ ነው። እዚህ አገር ልብስ የሚታጠበው ፒላ በሚሉት የሲሚንቶ ገንዳ ላይ ነው። መሃሉ ውኃ ያጠራቅማል፣ ጎኑ ማሻ ነው። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ስለማይቀር ሰኞ ጠዋት ሁሌም ጥድፊያ ነው። ክረምቱም ብርዱም የአዲስ አበባን ይመስላል። ሳንታ ማሪያ የሚባለው እሳተ ገሞራ 3,772 ሜትር ከፍታ አለው። ጠዋት ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሰዓት በደመና ይሸፈናል።

ሰኞ የእረፍታችን ቀን ነው። ልብስ እናጥባለን፣ ገበያ እንሄዳለን፣ ቤተሰብ ጋ እንደውላለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2019 ድረስ እንደኔ ያሉ ሚስዮናውያን የቤተሰባቸውን ድምፅ የሚሰሙት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ በገና እና በእናቶች ቀን። አሁን በየሳምንቱ ይፈቀዳል። ለጓደኞቼም በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የዚህ ሳምንቱ ግን በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ።

ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ በ12 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ወደ ሳልት ሌክ ሲቲ የሄድኩ ልጅ ነኝ። አሁን 20 ዓመቴ ነው። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ብዙ ሰው ሞርሞን ነው የሚለን። ሜክሲኮ ሲቲ 6 ሳምንት ስፓኒሽ ተምሬ ወደዚህ ከመጣሁ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ። ወንዶች 2 ዓመት፣ ሴቶች 18 ወር እናገለግላለን። ደሞዝ የለውም። ሁሌም ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንንቀሳቀሰው። የኔ ጓደኛ የአይዳሆ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከእኔ በፊት ሦስት ወር እዚሁ ካንቴል አገልግሏል።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። በ18 ዓመቴ ስጠመቅ አልመጣችም። «ማተብህን በጠስክ» አለችኝና ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ወደዚህ ስመጣ ግን ኤርፖርት ድረስ ሸኘችኝ። ስለ ሃይማኖት ምንም አላነሳችም። «ብርድ እንዳይመታህ» አለችና በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ኪሴ ውስጥ ከተተች። አውሮፕላን ውስጥ ፈትቼ ሳየው ማተብ ነበር። እስካሁን ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር አለ።

ለምን ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ሐበሻ ብዙ ነው። መልሱ ረጅም ነው፤ መነሻው ግን አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። በጥር 1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ እኛ 77 በምንለው ድርቅ ጊዜ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉት የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት አንድ እሑድ ለኢትዮጵያ ብለው ጾሙ። ያልበሉትን ምግብ ዋጋ አዋጡ። ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ያኔ ልጅ ነበሩ። «ለአገርህ ልጆች ብዬ የመጀመሪያዬን ሙሉ ጾም ጾምኩ» ብለው ነገሩኝ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። እናቴ ግን ተወልዳለች። ለማላውቃቸው ሰዎች መጾም ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከሳቸው ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘንና አንድ ቤት ጥግ ተጠለልን። አላንኳኳንም። አንዲት አሮጊት እናት ራሳቸው ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩን። እንደ አካባቢው እናቶች ሁይፒል የሚባል ጥልፍ ያለበት ሸሚዝ ለብሰው፣ ኮርቴ የሚባለውን ጥለት ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል። ወጥ ቤት ገባን። ኮማሉ ተጥዷል። ኮማል የእነሱ ምጣድ ነው። በኖራ የተቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ በሁለት መዳፋቸው መሃል ጠፍ ጠፍ እያደረጉ ያሰፉትና ይጥሉታል። ሲገለብጡት በባዶ ጣታቸው ነው። የማገዶው ጭስ አያቴን አመጣብኝ። ገና ምንም ሳይነገር ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቡና ቀዱልን። ይሄ ለእኔ ሁሌም ከባድ ነው። እኛ ቡናም ሻይም አንጠጣም። እንደ ፈረንጆች ከ1833 ጀምሮ የጥበብ ቃል የምንለው ትምህርት አለን። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ያደገ ልጅ፣ አንዲት እናት በእጇ የሰጠችውን ስኒ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። «ይቅርታ እናቴ፣ አንጠጣም» አልኩ በስፓኒሽ። አልተቀየሙም። ትኩስ አቶል ሰጡን፤ ከበቆሎ የሚሠራ ጣፋጭ አጥሚት በሉት።

ስፓኒሽ ብዙም አይችሉም። ቋንቋቸው ቂቼ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው ኪቼ ይላል፤ እነሱ ራሳቸው ግን በ«ቅ» ነው የሚጀምሩት። የልጅ ልጃቸው፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ታስተረጉምልናለች። ውሻቸው እግሬ ሥር መጥቶ ተኛ። ልጅቷ ጠቆመችኝና «ጺ» አለች። ውሻ ማለቷ ነው። «ጺ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ጮ» አለች፤ አይጥ ማለት ነው። «ጮ» አልኩ። «ቆ»፣ አለ እንደማለት። «ቆ» አልኩ።

ጓደኛዬ እነዚህን ድምፆች ለማውጣት ሦስት ወር ለፍቷል። እንግሊዝኛም ስፓኒሽም የላቸውም። አማርኛ ግን አለው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ከእናቴ ጋር የመጡ ፊደሎች ናቸው። ሳልት ሌክ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆች ስሜን መጥራት አቅቷቸው ድምፁን ሲያለሳልሱት፣ እኔም ቀስ በቀስ እንደ እነሱ መጥራት ጀምሬ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንዲት ልጅ ያንኑ ድምፅ መልሳ ሰጠችኝ።

ናን ከኮማሉ ተነስተው መጡ። ናን በቂቼ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት ስም ነው፤ እናትም ማለት ነው። ቃሎቹን ደግመው ደጋግመው አስባሉኝ። ሳቁ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«በዚህ ሥራህ እናትህስ ምን ትላለች?»

በዘጠኝ ወር ውስጥ ብዙ ተጠይቄያለሁ። ስለ ዶላር፣ ስለ ቪዛ፣ ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚሄድ፣ ከሊቪንግስተን የመጣሁ ጋሪፉና፣ ማለትም የዚህ አገር ጥቁር፣ እንደሆንኩ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። «ደህና ናት» አልኩ። ልጅቷ ተረጎመችው። ናን ትንሽ አዩኝና ወደ ኮማላቸው ተመለሱ። መልስ እንዳልመለስኩ ገብቷቸዋል።

ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ ብዙ አላወራሁም። በየቀኑ የሰው በር አንኳኩቼ፣ እናቱ ካስተማረችው ሃይማኖት ሌላ ነገር እንዲያስብ እጠይቃለሁ። የምናገረውን አምናለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የምናነበውን መጽሐፈ ሞርሞንን ሳነብ የተሰማኝን ሰላም ማንም አይወስድብኝም። ግን ያቺ በር ውስጥ የምትቀመጠዋን እናት አስቤያት አላውቅም ነበር። የኔዋን እናት እያወቅሁ።

ረቡዕ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እዚህ ቅርብ ያለው ትልቁ ከተማ ሼላ ነው የሚማረው፣ ቀጥታ ጠየቀኝ። «በቤተ ክርስቲያናችሁ እስከ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶች ክህነት ይከለከሉ ነበር። አንተ እንዴት ገባህ?» ጓደኛዬ ሊመልስ ሲል እኔ ልመልስ አልኩት። እውነት ነው አልኩት፤ ክልከላው የተነሳው እንደ ፈረንጆች በሰኔ 1978 ነው። ያሳምመኛል። ከእኔ በፊት ሳይቀበሉት የሞቱ ሰዎች አሉ። ያመንኩት ታሪኩ ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ስጸልይ መልስ ስላገኘሁ ነው። ልጁ እጄን ጨበጠኝ። ሌላ ቀጠሮ አልያዘልንም። ያም ሆኖ ከዚህ ሳምንት ንግግሮቼ ሁሉ በሙሉ ልቤ የተናገርኩት እሱን ነው።

ሐሙስ ናን ጋ ተመለስን። ሼላ አካባቢ ሐሙስ የፓቼ ቀን ነው። ፓቼ ከድንች የሚሠራ፣ ቀይ ወጥ ያለበት፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ነው። የነሱ ዶሮ ነበረበት። ከመብላታችን በፊት እንጨት ተሸክመን ግቢ ውስጥ ደረደርንላቸው። ስለ ሃይማኖት ያነሳነው ነገር የለም። እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፣ ካቶሊክ ሆኜ እሞታለሁ ብለዋል። ስንወጣ «ማልትዮሽ» አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። «ሐሙስ ና» አሉኝ።

ዓርብ ቀጠሮዎቹ ሁሉ ፈረሱ። እዚህ ሰው «ፊሄሴ ኬ» ብሎ ከጀመረ አልመጣም ማለቱ ነው። የኛ «ምን መሰለህ» በሉት።

ቅዳሜ ወደ አልሞሎንጋ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጴንጤ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ካሮት ሲሸጡ ውለው ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አነሱልኝ፤ ጃንደረባውን። «ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ» አሉኝ። «ከዚያ ነው ያስተማረው።» ያን ጥቅስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አገሬ ስላለበት እኮራበታለሁ። መቀመጡን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ናን እንኳ ሊጠይቁኝ ሲሉ መጀመሪያ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ትናንት እሑድ ጾምን። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ምግብ እንጾማለን፤ የምግቡን ዋጋ ለተቸገረ እንሰጣለን። በጾሙ ስሙን የማነሳውን ሰው በልቤ ስፈልግ የመጣችልኝ እማዬ ናት።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። በዚህ ወቅት የሳልት ሌክና የጓቲማላ ሰዓት እኩል ነው። ስታነሳ ወጥ ቤት ናት፤ የቧንቧው ድምፅ ይሰማል። «በላህ?» አለችኝ። ከዚያ ስለ ናን ነገርኳት። ስለ ምጣዳቸው፣ ስለ ጭሱ። «ጺ» በል አለችኝ፤ አልኩላት። ጥያቄያቸውንም ነገርኳት። እኔ የመለስኩትንም።

ቧንቧው ተዘጋ።

«ለምን ዋሸሃቸው?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። «እናቴ አልተስማማችም በላቸው። እውነቱ እሱ ነው።»

እሺ አልኩ።

«ደግሞ በየቀኑ ስሜን ጠርታ ትጸልይልኛለች በላቸው። እሱም እውነት ነው። ሐሙስ ፍልሰታ ይገባል። ቅዳሴ እየሄድኩ ነው የምጾመው። ለአንተም፣ ለእሳቸውም። የሴትየዋ ስም ማነው?»

ናን ብቻ ነው የማውቀው አልኳት። ስማቸውን ሐሙስ እጠይቅልሻለሁ አልኳት።