የአሥመራ ባቡሮችና የአባቴ ጥያቄዎች

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአሥመራ ባቡር ጣቢያ ጋር ተያይዞ ወዳለው የጥገና ግቢ ስገባ፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙ አንድ አዛውንት ከሎኮሞቲቩ ምድጃ ፊት ተንበርክከው፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ በፍልጥ እንጨት መካከል እየወተፉ እሳት ያያይዙ ነበር። ጢሱ በመጀመሪያ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በምድጃው በር ተመልሶ ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መንገዱን አገኘ። እንጨቱ ፍም ሲሆን የድንጋይ ከሰሉን በእጃቸው እየመረጡ፣ ደቃቁን ወደ መካከል፣ ጓሉን ወደ ዳር ወረወሩት። «እንግዲህ ሦስት ሰዓት ያህል እንጠብቃለን፣ ጓለይ (ልጄ)፤ ብረት ሲያጣድፉት አይወድም» አሉኝ ጥርት ባለ አማርኛ። ነገሩ የምሳሌ ንግግር አልነበረም። ቦይለሩ (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) በድንገት ከጋለ በውስጡ የሚያልፉት ቱቦዎች ከተሰኩበት ሰሌዳ ላይ እየላሉ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራሉ፤ እሳቱ በዝግታ የሚነሣው ለዚህ ነው።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ነው። አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሸሚንደፈር (በጅቡቲ–አዲስ አበባው ባቡር) የጥገና ክፍል የሠራ መካኒክ ስለሆነ፣ ሐዲድ፣ ፉርጎ፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ቤታችን ውስጥ እንደ በርበሬና እንደ ጨው የሚነሡ ነበሩ። የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ሰው ሁሉ ዘመዱን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ እኔ ዘመድ ባይኖረኝም እነዚህን ባቡሮች ለማየት ስል በተከታዩ ጥር ሄድሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በሎኮሞቲቮቹ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸውም ያው ነውና።

የአሥመራ ባቡር ታሪክ የሚጀምረው እኛ በትምህርት ቤት በተማርነው ጦርነት ነው። ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ ጣሊያኖች ወታደርና ስንቅ በፍጥነት ለማመላለስ ከምፅዋ ወደ ሰሐጢ የሚሄድ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1888 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ተራራውን እየቧጠጠ ጊንዳዕንና ነፋሲትን አልፎ አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። (በዶጋሊ ለሞቱት ወታደሮች ሮም ውስጥ የቆመው ሐውልት፣ በወረራው ዘመን ከለገሃር ፊት ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ለብዙ ዓመታት ታስሮ የኖረበት መሆኑን ሳስብ፣ የሁለቱ ባቡሮች ታሪክ በአንድ ክር የተሰፋ ይመስለኛል።) ከምፅዋ እስከ አሥመራ ያለው ርቀት 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ሐዲዱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ 2,394 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ በመንገዱም 30 ያህል ዋሻዎችና 65 ያህል ድልድዮች አሉ። በጣም ቀጥ ባለው ዳገት ላይ በየመቶ ሜትሩ 3.5 ሜትር ይወጣል። ብረት በብረት ላይ ለሚንከባለልበት ተሽከርካሪ ይህ እጅግ ከባድ ዳገት ነው።

የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው የፈረንሳዮች ሐዲድ አንድ ሜትር ስለነበረ፣ የሃምሳ ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ከየት መጣ ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ነገሩ ከአለካክ የመጣ ነው። ጣሊያኖች በሕጋቸው አንድ ሜትር ያሉት ከአንዱ ሐዲድ መካከል እስከ ሌላው ሐዲድ መካከል ለክተው ሲሆን፣ ሌላው ዓለም የሚለካው ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ነው። በዚህ ምክንያት የድሬዳዋ ፉርጎ በአሥመራ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም።

ያን ዕለት ጠዋት እሳት የተነሣለት ሎኮሞቲቭ 442.56 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ሲሆን፣ በ1938 ጄኖቫ ውስጥ በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠራ የማሌ ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው አሠራሩን በ1884 ካስመዘገበው ስዊሳዊ መሐንዲስ ከአናቶል ማሌ ነው። ስለዚህ ማሽን በጽሑፍ ብዙ አንብቤ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ግን ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ ከሥር ስመለከተው ነው። ተራራ ላይ ለመውጣት ብዙ ጉልበት፣ ለጉልበቱም ብዙ መንኮራኩር ያስፈልጋል፤ ብዙ መንኮራኩር በአንድ ግትር ቻሲስ ላይ ከተደረደረ ደግሞ የተራራውን ጠባብ ኩርባ ሊታጠፍ አይችልም። ማሌ ይህን የፈታው መንኮራኩሮቹን ለሁለት ከፍሎ ነው። የኋለኞቹ አራቱ ከቦይለሩ ጋር በጽኑ የታሰሩ ሲሆኑ፣ የፊተኞቹ አራቱ እንደ በር በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥለው፣ ኩርባው ወደሚወስዳቸው አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ቦይለሩም በላያቸው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። እንፋሎቱ በመጀመሪያ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች ይገባል፤ እዚያ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወዲያው አይለቀቅም፤ በተጣጣፊ ቧንቧ ወደ ፊተኞቹ ሄዶ እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ነው በጢስ መውጫው የሚወጣው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ ጉልበቱ የቀነሰ፣ ይዘቱ ግን የሰፋ ስለሆነ የፊተኞቹ ሲሊንደሮች ከኋለኞቹ በጣም ይወፍራሉ፤ በስንዝሬ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ከሰልም ውሃም ውድ በሆነበት ተራራ ላይ አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ ማሠራት ብልህነት ነው፤ በዚያ ግቢ ካየሁት ሁሉ ልቤን የወሰደውም ይኸው ነው።

በግቢው ውስጥ ሌሎችም አሉ። 202 የሚባሉት ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ሚላኖ ውስጥ በብሬዳ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ አራት መንኮራኩር ብቻ ስላላቸው ፉርጎ ለማቀናጀትና ለቀላል ሥራ ይውላሉ። በ1950ዎቹ ከጀርመን ከክሩፕ የመጣ ዲዝልም አለ። የመንገደኛ ፉርጎዎቹ የእንጨት ርብራብ ወንበር ያላቸው ሲሆኑ፣ የወንበሮቹ ጠርዝ በሰው እጅና ልብስ ብዛት ለስልሶ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል። ባየሁት ጊዜ ቆም ያልሁበት ግን ኡራል ነው። ያ የምናውቀው የሶቪየት ወታደራዊ መኪና ጎማው ወጥቶ የባቡር መንኮራኩር ተገጥሞለት፣ በሐዲድ ላይ ዕቃና ሠራተኛ ሲያመላልስ የኖረ ነው። በልጅነቴ ወታደር ጭኖ በከተማችን ሲያልፍ ያየሁት መኪና ነውና፣ እዚያ ቆሞ ሳገኘው ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻልሁም።

ሊቶሪናዋ ደግሞ ሌላ ነገር ናት። በ1930ዎቹ ቱሪን ውስጥ በፊያት የተሠራች፣ የራሷ ሞተር ያላት ብቸኛ ፉርጎ ናት፤ ፊቷ የድሮ አውቶቡስ እንጂ የባቡር አይመስልም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በእኛም መስመር ላይ ሊቶሪና ስላስገቡ፣ አባቴ ወጣት ሆኖ እጁን ያፍታታው በዚያች ሞተር ላይ ነበር። ኮፈኗን ሲከፍቱልኝ ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁለት፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱን ቧንቧ በቀይ አክብቦ «ይህ ከቦታው ተቀይሯል፤ እኛ በግራ በኩል ነበር የምናሳልፈው» የሚል መልስ መጣ። አዛውንቱ አይተው ሳቁና በእርግጥም እርሳቸው ራሳቸው የቀየሩት መሆኑን ነገሩኝ።

ባቡሩ የቆመው በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ ሲበረታ ነው። ሐዲዱና ከሥሩ የነበሩት የብረት አግዳሚዎች እየተነቀሉ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆኑ፤ ይህንንም ያደረገው አንዱ ወገን ብቻ አልነበረም። እኔ የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ከሰፈራችን ወደዚያ ግንባር ሄደው ያልተመለሱ ወጣቶች ነበሩና፣ አዛውንቱ ስለ ምሽጉ ሲያወሩ ሁለታችንም መሬት መሬት እናይ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላ መስመሩን ስለመጠገን ሲታሰብ፣ ከውጭ የቀረበው ዋጋ ከአቅም በላይ ስለሆነ በራስ ጉልበት እንዲሠራ ተወሰነ። ያን ጊዜ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰማንያን የተሻገሩም ነበሩባቸው። ሐዲዱ ከምሽጉ እየተለቀመ፣ የተጣመመው እየተቃና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከሞቱት ሎኮሞቲቮች የሚጠቅመው ክፍል እየተፈታ ሊነሡ ለሚችሉት ተሰጠ፤ በ2003 መስመሩ ከምፅዋ አሥመራ ደረሰ።

ይህ ሁሉ የተሠራበት የጥገና ክፍል እንደ ሎኮሞቲቮቹ ሊጎበኝ የሚገባው ነው። ከጣሪያው ሥር በሚዞር ዘንግ ላይ በቆዳ ቀበቶ የተያያዙ ቶርኖዎች (ብረት መቅረጫ ማሽኖች) አሉ። አዛውንቱ ከአንደኛው ጎን ካለ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የፒስተን ፋሻ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ፤ ከአሮጌ ብረት እርሳቸው ራሳቸው ያወጡት ነው። ከባድና ቀዝቃዛ ነበረ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ምንም ዓይነት ሻካራነት አላገኘሁበትም። መለኪያው የት ተጽፏል ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ግንባራቸው ጠቆሙ። የተጻፈ ነገር የለም። የሚሠራውን የሚያውቁት እርሳቸውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከጎናቸው አንድ ወጣት ቆሞ ይማር ነበር፤ ሲናገሩም ሁሉ ዓይኑን ከእጃቸው ላይ አይነቅልም ነበር።

በዚያ ሰዓት ወደ ራሳችን አገር ባቡር ማሰቤ አልቀረም። እኛም በ1894 በተሰጠ ፈቃድ፣ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋን የወለደ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ መስመር አለን። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ከተመረቀ ወዲህ አሮጌው ንብረት ወደ ቅርስነት እየዞረ ነው። በለገሃር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፉርጎዎች አሉ፤ ውብ ናቸው፤ መጠበቃቸውም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስለ ባቡር ቅርስ ሲነሣ ንጉሣዊውን ፉርጎ ብቻ ማሰባችን ትክክል አይመስለኝም። ሕዝብ የተመላለሰባቸው የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች፣ ጫትና ከብት የጫኑት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የድሬዳዋው የጥገና ክፍል ከነቶርኖው፣ ከነመፍቻ ሰሌዳው፣ ከነመለኪያው ተመሳሳይ ክብር ይገባቸዋል። ድሬዳዋ ውስጥ መለኪያውን በግንባራቸው የያዙ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የአንዳንዶቹን ቤት ከዚራ ውስጥ በር ቁጥሩን ሳልጠይቅ አገኘዋለሁ። ፉርጎ ጣሪያ ከተሠራለት ሃምሳ ዓመት ይቆያል፤ እነርሱን ግን መጠየቅ የሚቻለው አሁን ነው።

ረፋዱ ላይ 442.56 ሁለት ፉርጎ ስቦ ወደ ነፋሲት ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ ሥራው የፍሬን ነው፤ በየፉርጎው ላይ አንድ ሰው ቆሞ በፉጨት ምልክት የእጅ ፍሬኑን ያጠብቃል፤ ያላላል። የደብረ ቢዘን ገዳም ያለበት ተራራ ከፊታችን ሲታይ ከመንገደኞቹ መካከል ያሉ እናቶች አማተቡ። በመልስ ጉዞ ዳገቱ ሲጀምር ግን ባቡሩ ድምፁን ለወጠ። ወጣቱ በየጥቂት ደቂቃው ምድጃውን ከፍቶ ከሰል ይጨምራል፤ አዛውንቱ የግፊት መለኪያውንና የውሃ መስተዋቱን እየተፈራረቁ ያያሉ፤ ከጢስ መውጫው የሚወጣው ምት በዋሻው ግድግዳ ላይ ሲያስተጋባ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ስልኬን በመስኮት አውጥቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዳሁት።

ያን ምሽት ለአባቴ ደውዬ የቀዳሁትን ከፍቼ አሰማሁት። እርሱ በ1960ዎቹ ሲቀጠር ድሬዳዋ ላይ ዲዝል ገብቶ ስለነበር በእንፋሎት ባቡር ላይ አልሠራም፤ ያስተማሩት ሰዎች ግን የእንፋሎት ሰዎች ነበሩ። እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገር አዳመጠ። ከዚያ ዋሻው ውስጥ ያለውን ክፍል እንደገና እንድከፍትለት ጠየቀኝና «እዚህ ላይ የፊተኛው መንኮራኩር አንዴ ሸርተት ብሏል፤ ሹፌሩ ወዲያው ይዞታል» አለ። እኔ እዚያው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጬ አላስተዋልሁትም ነበር። ቀጥሎ ጥያቄ ያወርድብኝ ጀመር፦ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ መንኮራኩሩ እንዳይሸርት ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚነፉት በእንፋሎት ነው ወይስ በእጅ ነው? የቦይለሩን ቱቦ ለመጨረሻ ጊዜ የቀየሩት መቼ ነው? የፍሬኑን ብረት ከምን እያወጡት ነው? አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር። ብዕር እንዳመጣ ነገረኝ፤ አሥራ ስድስት ጥያቄ አስጻፈኝ፤ በማግስቱም ገና ሳይነጋ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጥገናው ግቢ ተመለስሁ።