ዌይለን ጄኒንግስን ከየት እንጀምር ለምትሉ

ዛሬ ሲደጋገም የዋለው የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የዌይለን ጄኒንግስ «ግሬተስት ሂትስ» የተሰኘ የዘፈን ስብስብ ነው፤ አርሲኤ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ስብስቦች ስለሚበዙ ዓመቱንና 11 ዘፈን መሆኑን አረጋግጡ።

ዌይለን በ1972 ከአርሲኤ ጋር ያለውን ውል ሲያድስ በራሱ ምርጫ የመቅረጽ ነፃነት አገኘ። ከዚያ በፊት በካንትሪ ሙዚቃ ማዕከሏ በናሽቪል አሠራር ዘፈኑንም ሙዚቀኞቹንም የሚመርጠው በአብዛኛው ፕሮዲውሰሩ ነበር። የ1968ቱ «ኦንሊ ዳዲ ዛትል ዎክ ዘ ላይን» እዚሁ አልበም ላይ ስላለ፣ ነፃነቱን ካገኘ በኋላ ከሠራቸው ጋር አስተያዩት።

«አር ዩ ሹር ሃንክ ዳን ኢት ዚስ ዌይ»ን ግን እባካችሁ በስልክ ስፒከር አትስሙት! ዘፈኑ በሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ የድምፆች ስብስብ) ብቻ የቆመ ነው፤ ተሸክሞት የሚሄደው ቤዝና ከበሮው ነው። ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ ባዶ ይመስላል። በጥሩ ማዳመጫ ሲሆን ጊታሩ ላይ የሚሽከረከረው የፌዘር (ድምፁን የሚያዞር የሚያስመስል መሣሪያ) ድምፅ ሳይቀር ይለያል።

«ጉድ ሃርትድ ዉማን» ላይ ጭብጨባ ስላለ፣ አብሮት የሚዘፍነው ሌላው የካንትሪ ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን መድረክ ላይ አብሮት የቆመ ይመስላል። አልነበረም፤ የዊሊ ድምፅ በኋላ የተደረበ ነው።

የካንትሪ ዘፋኙን ዶን ዊልያምስን የምትወዱ ከ«አማንዳ» ጀምሩ፤ ዶን በ1973 ቀድሞ ተጫውቶታል። ዌይለን በ1974 ያወጣው ቅጂ ለዚህ አልበም ተጨማሪ ድምፅ ተደርቦበት በ1979 የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የዶን ለስላሳ ነው። ዘፈኑ ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሙዚቀኛ ለሚስቱ የሚናገረው ነውና፣ የዌይለን ሻካራ ድምፅ የበለጠ ያሳምነኛል።